ጥላና ፊት፦ የምረቃ ፎቶግራፍ አንሺን ስለ መምረጥ

በአገራችን ሳሎን ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ የሚሰቀለው ፎቶግራፍ ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ይናገራል፤ «ይህ ቤት ልጅ አስተምሯል» ይላል። ጋዋን የለበሰ፣ ቆብ የደፋ፣ በሪባን የታሰረ ወረቀት የጨበጠ ወጣት ከመስተዋቱ ጀርባ ሆኖ እንግዳ ይቀበላል። አባት ስለ ልጁ ብዙ ማውራት አያስፈልገውም፤ ዓይኑን ወደ ግድግዳው ወርወር ካደረገ እንግዳው ነገሩ ይገባዋል።

አሜሪካኖች ይህንኑ ክብር አንድ እርከን አስቀድመው ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማብቂያም ሰጥተውታል። ተማሪው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሊገባ ሲል ወይም እንደገባ ሰሞን፣ ምረቃው ገና ወራት ሲቀሩት፣ ለብቻው ተቀምጦ ፎቶግራፍ ይነሳል። «ሲንየር ፖርትሬት» ይሉታል። ምስሉ በተመራቂዎች መጽሔት ይታተማል፣ ለዘመድ ይላካል፣ ለጓደኛ ይሰጣል፣ በመጨረሻም እንደኛው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

በዋሽንግተንና በዙሪያዋ የሚኖሩ፣ የቆዩ ፎቶግራፎችን ታሪክ ማንበብ እንደምወድ የሚያውቁ ወዳጆቼ ልጆቻቸው እዚህ ደረጃ ሲደርሱ «ማን ጋ እናስነሳት?» እያሉ ይጠይቁኛል። ጥያቄው ሲሰሙት የዋጋ ጥያቄ ይመስላል። እኔ ግን የታሪክ ጥያቄ ነው ባይ ነኝ። ፎቶግራፍ አንሺን መምረጥ ማለት፣ ፊታችን በሌሎች ዓይን እንዴት እንደሚታይ የሚወስነውን ሰው መምረጥ ማለት ነውና። ይህ የመምረጥ ዕድል በአሜሪካ ምድር ለሁሉም እኩል የተሰጠ አልነበረም። እንዴት እንደመጣ፣ እንዴት ከተማሪው እጅ እንደወጣ፣ እነማንስ በራሳቸው መንገድ እንደያዙት ላውጋችሁ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

*

ፎቶግራፍ ለዓለም የታወጀው በ1839 ፓሪስ ላይ ነው። የዳጌር ዘዴ፣ ማለትም ዳጌሮታይፕ፣ በብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ አንድ ምስል ብቻ ያወጣ ነበር። ቅጂ የለውም፤ የጠፋ እንደሆነ ጠፋ ነው። በተከታዩ ዓመት፣ በ1840፣ በቴሌግራፍ ስሙን የምናውቀው ሳሙኤል ሞርስ፣ ከ30 ዓመት በፊት አብረውት ከየል ኮሌጅ የተመረቁት ጓደኞቹ ለመታሰቢያ በተሰበሰቡ ጊዜ በዚሁ አዲስ ዘዴ አነሳቸው። የክፍል ጓደኞችን በፎቶግራፍ የማስቀረት ልማድ ሲወሳ መጀመሪያ የሚነሳው ይህ ነው።

ነገሩ የተለወጠው በ1851 የመስተዋት ኔጋቲቭ ሥራ ላይ ሲውል ነው። ከአንድ ኔጋቲቭ የፈለጉትን ያህል በወረቀት ላይ ማተም ተቻለ። ማተም ሲቻል ደግሞ መለዋወጥ መጣ። ቦስተን አካባቢ ይሠራ የነበረው ጆርጅ ኬንደል ዋረን ይህንን ዕድል ቀድመው ከተረዱት አንዱ ነበር። በ1860ዎቹ የሃርቫርድን፣ የየልን፣ የፕሪንስተንን፣ የዳርትማዝንና የሌሎችንም ኮሌጆች ተመራቂዎች አነሳ። ተመራቂዎቹ የጓደኞቻቸውን፣ የመምህሮቻቸውንና የግቢያቸውን ምስሎች እየመረጡ ይገዛሉ፤ ከዚያም በቆዳ በተለበጠ አልበም ያስጠርዙታል። ሁለት አልበሞች አንድ ዓይነት አይሆኑም፤ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ትዝታ የሚሰበስበው በራሱ ምርጫ ነበርና። ዛሬ የተመራቂዎች መጽሔት የምንለው ነገር አያቱ ይህ አልበም ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያው ዘመን ምርጫው የተማሪው ነበር ማለት ይቻላል። ግን የትኛው ተማሪ? ገንዘብ ያለው፣ ወንድ የሆነ፣ ቆዳው የነጣ። ይህንን ልብ እንበልና ወደፊት እንራመድ።

*

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ ሁለት ነገሮች ተከሰቱ። አንደኛው የኅትመት ነገር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ፎቶግራፍን በጥቃቅን ነጠብጣብ ከፍሎ ከፊደል ጋር አብሮ በአንድ ማሽን ማተም ተቻለ፤ ስለዚህ ምስልን በአልበም ላይ አንድ በአንድ መለጠፍ ቀረ። ሁለተኛው የትምህርት መስፋፋት ነው። በ1910 ከአሥራ ስምንት ዓመት አሜሪካውያን መካከል ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱት ከመቶ 9 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ1940 ግን ግማሽ ያህሉ ጨርሰዋል። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የምረቃ ፎቶግራፍ ከጥቂቶች ጌጥነት ወጥቶ የብዙኃን ወግ ሆነ።

ብዙኃን ሲመጡ ኩባንያ ይከተላል። በ1897 በሚኒሶታ ግዛት፣ ኦዋቶና በምትባል ከተማ፣ የሰዓትና የጌጣጌጥ ሱቅ ሆኖ የተከፈተው ጆስተንስ በኋላ የምረቃ ቀለበትና የተመራቂዎች መጽሔት አዘጋጅ ሆነ። በዚያው ግዛት በ1936 የተቋቋመው፣ ኋላ ላይፍታች የተባለው ድርጅት ደግሞ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት እየዞረ ተማሪ ማንሳትን ትልቅ ንግድ አደረገው፤ በ2018 ሲሸጥ ዋጋው 825 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ትምህርት ቤቱ ከአንድ ፎቶ ቤት ጋር ውል ይፈራረማል። ፎቶ ቤቱ ለመታወቂያና ለመጽሔት የሚያስፈልጉትን ምስሎች ያቀርባል፤ በምትኩም የተማሪዎቹን ቤተሰቦች ገበያ ያገኛል። በአንዳንድ ውል ከሽያጩ ለትምህርት ቤቱ የሚመለስ ድርሻ አለ። ለልጆቹ አንድ ወጥ አለባበስ ተደነገገ፤ ለሴቶቹ ከትከሻ በታች የሚውል ጥቁር ከፋይ ጨርቅ፣ ለወንዶቹ ከፊት ብቻ የሚለበስ ኮትና ክራቫት። ከጀርባ በመቆለፊያ የሚያያዝ፣ ከአንዱ ልጅ ወልቆ ለሚቀጥለው የሚሰጥ ልብስ ነው።

ውሉ ክፋት አለው አልልም። ብዙ ቤተሰብ በአነስተኛ ዋጋ ጥሩ ምስል አግኝቶበታል፤ ገንዘብ ያጠረው ልጅም ከመጽሔቱ እንዳይቀር አድርጓል። ነገር ግን ምርጫው ከተማሪው እጅ ወጥቶ ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገባ። ይህ ለውጥ የቱን ያህል እንደሚከብድ በሚሲሲፒ ግዛት የተፈጠረ አንድ ክስ ያሳየናል። አንዲት ተማሪ በከፋዩ ጨርቅ ፋንታ የወንዶቹን ኮት ለብሳ ተነሳች፤ በ2010 መጽሔቱ ሲወጣ ከተመራቂዎቹ ገጽ ላይ ፎቶዋም ስሟም አልነበረም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2011 በስምምነት ሲያልቅ፣ የትምህርት ወረዳው ከዚያ ወዲህ ተመራቂዎች ሁሉ ያለ ልዩነት ቆብና ጋዋን ለብሰው እንዲነሱ ወሰነ። ስለ አለባበሷ ያሻንን እናስብ፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት ማስረጃ የሆነች አንዲት ገጽ ላይ ስምን መሰረዝ ግን ትንሽ ነገር አይደለም።

*

አንዳንድ ሰው «ፎቶ ያው ፎቶ ነው፤ ማሽኑ ነው የሚያነሳው» ይላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህንን ክርክር በ1884 ሰምቶ ውድቅ አድርጎታል። ታዋቂው የኒው ዮርክ ፎቶግራፍ አንሺ ናፖሊዮን ሳሮኒ ደራሲውን ኦስካር ዋይልድን አንስቶት ነበር። አንድ ማተሚያ ድርጅት ምስሉን ያለ ፈቃድ በ85,000 ቅጂ አባዛው። ሲከሰስም፣ ፎቶግራፍ ማሽን የሚያወጣው ነገር እንጂ ደራሲ ያለው ሥራ አይደለም ሲል ተከራከረ። ዳኞቹ አልተቀበሉትም። ሰውየውን ያስቀመጠው፣ ልብሱንና መጋረጃውን ያሰናዳው፣ ብርሃንና ጥላውን የደለደለው፣ የፊቱን ስሜት የቀሰቀሰው ሳሮኒ ስለሆነ ደራሲው እርሱ ነው አሉ።

ፍርዱ የሚነግረን ትልቅ ቁም ነገር ነው። ፎቶግራፍ አንሺ ደራሲ ከሆነ፣ እኛ ደግሞ የድርሰቱ ባለ ታሪክ ነን። ታዲያ ባለ ታሪኩን የማያውቅ ደራሲ ምን ይጽፋል?

ይህንን ጥያቄ ከፍርድ ቤቱ ቀድመው ያነሱት ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። በ1838 ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ፣ ነጭ ሠዓልያን የጥቁርን ሰው መልክ ያለ አድልዎ ሊስሉ እንደሚቸግራቸው በ1849 ጽፏል። እንደ እርሱ አባባል፣ ሠዓሊው የሚስለው በፊቱ የተቀመጠውን ሰው ሳይሆን ስለ ጥቁር ሰው አስቀድሞ በአእምሮው የያዘውን ሥዕል ነው። ዳግላስ መድኃኒቱን በካሜራ ውስጥ ፈለገው። በ1861 ቦስተን ላይ ስለ ሥዕልና ፎቶግራፍ ንግግር አድርጓል። በሕይወቱ ከተነሳቸው ፎቶግራፎች 160 ያህሉ እስካሁን ተገኝተዋል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከእርሱ የበለጠ ፎቶግራፍ የተነሳ አሜሪካዊ አልተገኘም። በእነዚያ ሁሉ ምስሎች ፈገግ ያለው ከስንት አንዴ ነው። «ደስተኛው ባሪያ» የሚለው የዘመኑ ተረት በፊቱ ላይ እንዲጻፍ አልፈቀደምና።

ከካሜራው ፊት ብቻ ሳይሆን ከጀርባውም የቆሙ ነበሩ። ኦገስተስ ዋሽንግተን በ1843 ዳርትማዝ ኮሌጅ የገባ ጥቁር ተማሪ ነበር፤ ዳጌሮታይፕ ማንሳትን የተማረው የትምህርት ዕዳውን ለመክፈል ነው። ዕዳው ግን ስላሸነፈው ትምህርቱን አቋርጦ ሃርትፎርድ ከተማ ፎቶ ቤት ከፈተ፤ በ1853ም ወደ ላይቤሪያ ተሻገረ። የዳርትማዝ ተመራቂዎች በዋረን ካሜራ ተነስተው አልበም ሲያስጠርዙ፣ ሳይመረቅ የቀረው የዚያው ኮሌጅ ተማሪ ላይቤሪያ ይኖር ነበር። በሲንሲናቲ ደግሞ ጄምስ ፕሬስሊ ቦል በ1850ዎቹ ነጩም ጥቁሩም የሚነሳበት ስመ ጥር ፎቶ ቤት ነበረው። በ1900 ፓሪስ ላይ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ትርኢት፣ ምሁሩ ደብልዩ ኢ ቢ ዱ ቦይስ የጆርጂያ ግዛት ጥቁር አሜሪካውያንን 363 ፎቶግራፎች በአልበም ሰብስቦ አቀረበ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የአትላንታው ጥቁር ፎቶግራፍ አንሺ የቶማስ አስኪው ሥራዎች ናቸው። ከአልበሞቹ ጋር የቀረበ አንድም የመከራከሪያ ንግግር ባይኖር ፊቶቹ ይበቁ ነበር።

*

አሁን ወደምናውቀው ሰፈር ልውሰዳችሁ። በዋሽንግተን የኖረ ኢትዮጵያዊ 9ኛውና ዩ ጎዳና የሚገናኙበትን ማዕዘን ያውቀዋል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የእንጀራና የቡና ሽታ የሚያውደው፣ ነጋዴዎቻችን «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ እንዲሰየም የጠየቁበት ቦታ ነው። በኋላ የኪራይ ዋጋ ሲሰቀል ብዙዎቹ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ሄዱ።

እዚያው ማዕዘን ላይ፣ የዩ ጎዳና ቁጥር 900 በሆነው ቤት፣ አዲሰን ስከርሎክ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ በ1911 ፎቶ ቤት ከፍቶ ነበር። በ1883 ሰሜን ካሮላይና የተወለደው ስከርሎክ በ1900 ከቤተሰቡ ጋር ዋሽንግተን ገባ፤ ሞዝስ ራይስ ከተባለ ነጭ ፎቶግራፍ አንሺ ዘንድ ሙያውን ተማረ፤ በ1904 በወላጆቹ ቤት የራሱን ሥራ ጀመረ። ባለቤቱ ሜሚ የንግዱን ሒሳብ ትመራ ነበር። ኋላም ሮበርትና ጆርጅ የተባሉት ልጆቻቸው ሥራውን ተቀላቀሉ።

ፎቶ ቤቱ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ይፋዊ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። ስከርሎክ በዚህ ሥራ ላይ በነበረባቸው ዓመታት ከሃዋርድ ከወጡት ምሩቃን አንዱ የእኛው ዶክተር መላኩ በያን ናቸው፤ በ1935 ከሕክምና ትምህርት ቤቱ ተመርቀዋል። ከዩኒቨርሲቲው ሌላ የከተማዪቱ ጥቁር ቤተሰቦች ሠርጋቸውን፣ ክርስትናቸውን፣ የልጆቻቸውን ምረቃ ይዘው ወደዚያ ይመጡ ነበር። ከ1870 ጀምሮ ለጥቁር ልጆች የተከፈተውና በ1916 ዳንባር የተባለው ዝነኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለው በዚችው ከተማ ነው። በዘመኑ መለያየት ሕግ ነበር፤ ዶክትሬት ያላቸው ጥቁር ምሁራን የነጮች ዩኒቨርሲቲ ስለማይቀጥራቸው ዳንባር ያስተምሩ ነበር። እንዲህ ካለ ትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ፎቶግራፍ ሲነሳ በፊቱ ላይ የሚታየው ምን መሆን እንዳለበት ስከርሎክ ያውቅ ነበር።

የአሠራሩ ምሥጢር በብርሃን ነው። የጠይሙን፣ የቀዩንና የጥቁሩን ቆዳ ልዩነት ሳያጠፋ እያንዳንዱን በራሱ ልክ ያበራዋል፤ አቀማመጡን ያስተካክላል፤ ከዚያም በኔጋቲቩ ላይ በእጁ ይሠራበታል። ሰዎች «የስከርሎክ መልክ» የሚል ስም እስከማውጣት ደርሰው ነበር። ፎቶው በመስኮቱ የታየለት ሰው በሰፈሩ ይኮራ ነበር። አዲሰን በ1964 አረፈ፤ ሮበርት በ1994። የስሚዝሶኒያን ሙዚየም በ1997 የፎቶ ቤቱን ስብስብ ተረከበ፤ በ2009ም ለሕዝብ ትርኢት አቀረበው። ክትፎ ልንበላ ስንመላለስበት የኖርነው ማዕዘን፣ ጥቁር ተመራቂ «እንዴት ልታይ?» ብሎ ሲጠይቅ በራሱ ወገን ዘንድ መልስ ያገኝበት የነበረ ቦታ ነው።

*

1954 ሁለት ውሳኔዎች የተሰጡበት ዓመት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ልጆችን በዘር ለይቶ ማስተማር ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል አለ። በዚያው ዓመት፣ ከመንግሥት በቀረበ ክስ ምክንያት፣ የኮዳክ ኩባንያ የቀለም ፊልም ዋጋን ከማጠቢያው ዋጋ ጋር አጣምሮ መሸጡን እንዲያቆም ተደረገ። ሁለቱ ውሳኔዎች የማይገናኙ ይመስላሉ፤ በክፍል ፎቶግራፍ ላይ ግን ተገናኙ።

ኮዳክ ብቻውን ያጥበው የነበረውን ፊልም ሌሎች ማጠቢያ ቤቶችም ማጠብ ሲጀምሩ፣ ቀለሙን የሚያስተካክሉበት መመዘኛ ካርድ ያስፈልጋቸው ነበር። ካርዱ ላይ የአንዲት ነጭ ሴት ምስል ነበር፤ በመጀመሪያዋ ሞዴል ስም «ሸርሊ» ይሉት ጀመር። የሸርሊ ቆዳ ከተስተካከለ ሥራው ተስተካከለ ይባላል። ፊልሙ ራሱ የተቀመመው ለነጣ ቆዳ እንዲስማማ ነበርና፣ ጥቁርና ነጭ ልጆች በአንድ ክፍል ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲነሱ የነጩ ልጅ ጉንጭ ከነቅላቱ ሲወጣ የጥቁሩ ልጅ ፊት ወደ ጥላነት ይለወጥ ነበር። ዓይንና ጥርስ ብቻ ይቀራል።

የካናዳዋ ምሁር ሎርና ሮት በ2009 ባሳተመችው ጥናት አንድ አስገራሚ ነገር አለ። ኮዳክን ስለ ቡናማ ቀለም እንዲጨነቅ ያደረጉት የጥቁር ልጆች ፊቶች አልነበሩም። የቸኮሌት አምራቾች የቸኮሌታቸው ዓይነት በፎቶግራፍ አልለይ ብሎ፣ የእንጨት ዕቃ አምራቾች ደግሞ የእንጨታቸው ቀለም አልታይ ብሎ አቤት ሲሉ ነው ኩባንያው ፊልሙን ማሻሻል የጀመረው። ከልጁ ፊት ቀድሞ ቸኮሌቱ ተሰማ። የተለያየ ቆዳ ያላቸው ሴቶች በአንድነት የሚታዩበት ካርድ የወጣው በ1990ዎቹ ነው።

ዲጂታል ካሜራ ይህንን ፈትቶታል የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት ነው። ይሁን እንጂ ካሜራው በራሱ ሲመጥን በፊቱ ያለውን ብርሃን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ ይሞክራል፤ ከጀርባ ብሩህ ነገር ካለ ጥቁር ፊት የባሰ ይጠቁራል። ጉግል በ2021 ባወጣው ስልኩ ላይ የጠቆረ ቆዳን በትክክል የሚያሳይ አሠራር ጨምሬያለሁ ብሎ ማስታወቁ፣ ነገሩ እስከዚያ ድረስ እንዳልተፈታ ምስክር ነው።

*

ይህንን ሁሉ በመጽሐፍ ብቻ አላየሁትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእህቴ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትገባ ከትምህርት ቤቷ ጋር ውል በነበረው ፎቶ ቤት ተነሳች። በዚያ ቀን በርካታ ተማሪዎች በተራ ገብተው ይወጣሉ፤ መብራቱ ጠዋት እንደተተከለ እስከ ማታ አይነቃነቅም። ናሙናው ሲመጣ እህቴ ቤት ነበርኩ። ልጅቷ ጠይም ናት፤ ጠጉሯ እንደ እናቷ ደማቅ ጥቁር ነው። ጥቁሩ ከፋይ፣ ጥቁር ጠጉሯና ጥቁር ግራጫው መጋረጃ አንድ ላይ ቀልጠው፣ ፊቷ ከጨለማ ውስጥ የተቆረጠ መስሎ ተቀምጧል።

ዝም ብላ ቆየችና «አጎቴ፣ ሰው ሲያየኝ እንዲህ ነው የምታየው?» አለችኝ።

«አይደለም ልጄ» አልኳት። «መብራቱ የተተከለው ላንቺ አይደለም።»

እናቷ ግን እንደኔ በመናገር ብቻ አልረካችም። የመጽሔቱን ደንብ ጠይቃ፣ ልኩንና የማስረከቢያውን ቀን ካከበሩ ከውጭ የተነሳ ፎቶ እንደሚቀበሉ አረጋገጠች። ከዚያ ሦስት ፎቶግራፍ አንሺዎች ጋ ደወለች፤ ለሦስቱም የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ «የጠይምና የጥቁር ልጆች ፎቶ አሳየኝ።» አንደኛው አልነበረውም። ሁለተኛው ሁለት አሳየ። ሦስተኛው፣ አንድ ዝምተኛ ወጣት፣ ብዙ አሳየ። ልጅቷን በመስኮት አጠገብ አስቀመጣት፤ ከጥላው ወገን ነጭ ሰሌዳ አቁሞ ብርሃኑን ወደ ጉንጯ መለሰው፤ ከጀርባዋ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ግድግዳ አደረገ። አንድ ሰዓት ፈጀ። በምስሉ ላይ የአገጯ ስርጉድ ሳይቀር ይታያል።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችንም አንድ ነገር ልበል። ጣት የምንቀስረው ወደ ኮዳክ ብቻ ቢሆን ሚዛን ይጎድለናል። ባገራችን ፎቶ ቤቶች «እባክህ ትንሽ ቀላ አድርገህ እጠበው» የሚል ልመና ያልሰማ አለን? ኮምፒውተር ከመጣ ወዲያ ደግሞ ልመናው ቀርቶ ማቅላቱ እንደ ሙያ ግዴታ የተቆጠረበት ጊዜ አለ። ልጅን አጥቁሮ ማሳየትና ልጅን አቅልቶ ማሳየት ሁለቱም የሚሉት አንድ ነው፤ «እንዳለሽ አትበቂም» ነው የሚሉት። ከገዛ ወገናችን የምንመርጠው ፎቶግራፍ አንሺም በዚህ መመዘን አለበት።

*

እንግዲህ «ማን ጋ እናስነሳት?» ለሚሉኝ የምሰጠው መልስ ከዚህ ታሪክ የተቀዳ ነው።

መጀመሪያ የትምህርት ቤቱን ደንብ ያንብቡ። በአንዳንዱ ትምህርት ቤት መጽሔቱ የሚቀበለው የውሉን ፎቶ ቤት ምስል ብቻ ነው፤ በሌላው ከውጭም ይቀበላል። ለመጽሔቱ እዚያ መነሳት ግዴታ ቢሆን እንኳ ጥቅሉን የመግዛት ግዴታ ግን ብዙ ጊዜ የለም። ለግድግዳው የሚሆነውን ሌላ ቦታ መነሳት ይቻላል።

ቀጥሎ ሥራውን ይዩ። ማስታወቂያው ላይ ያለውን አንድ ምርጥ ፎቶ አይደለም፤ ልጅዎን የሚመስሉ ልጆች የተነሱበትን ብዙ ፎቶ። የጠቆረው ቆዳ አመድ ወይም ብርቱካን መስሎ ከወጣ፣ ጠጉሩ ከመጋረጃው ተለይቶ ካልታየ፣ ሁሉም ፊት አንድ ዓይነት ቅላት ካለው፣ ይለፉት።

ሦስተኛ፣ የምስሉ ባለቤት ማን እንደሚሆን ይጠይቁ። በ1909 በወጣው የአሜሪካ ሕግ ዘመን፣ ሰው ከፍሎ ያስነሳው ምስል የቅጂ መብቱ እንደ አስነሺው ይቆጠር ነበር። ከ1978 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ ግን መብቱን ለፎቶግራፍ አንሺው ሰጥቶታል፤ በጽሑፍ ካላስተላለፈ በስተቀር ባለቤቱ እርሱ ነው። ለአያት የሚላከውን ቅጂ ለማሳተም ፈቃድ ይፈለጋል ማለት ነው። ለመነሳቱ ብቻ የሚከፈለው ስንት ነው? ለኅትመቱስ? ዋናውን ፋይል ይሰጣሉ ወይ? ይህን ከመነሳት በፊት እንጂ ከተነሱ በኋላ አይጠይቁ።

በመጨረሻም ልጁን ይጠይቁ። ይህ እኛ ወላጆች የምንዘነጋው ነው። ኩታና ቀሚስ ለብሳ መነሳት ትፈልግ ይሆናል፤ ኳሱን ይዞ መነሳት ይፈልግ ይሆናል፤ ሳቅ አልፈልግም ይልም ይሆናል። ዳግላስም አልሳቀም። ፊቱ የእርሱ ነው።

አንባቢዬ ሆይ፣ የምረቃ ፎቶግራፍ ከተነሳው ሰው ይልቅ ዕድሜ ይኖረዋል። የልጅ ልጆቻችን አማርኛችንን ይርሱት አይርሱት አናውቅም። ያን ፎቶግራፍ ግን ከሣጥን አውጥተው ያዩታል፤ ከየት እንደመጡም ከፊቱ ላይ ይፈልጋሉ። ሲፈልጉ ጥላ እንዳያገኙ፣ ብርሃኑን ማን እንደያዘው ዛሬ እንጠይቅ።

ቸር እንሰንብት።